እስኪሞላ ጠብቅ

«ጠብቅ» የሚለው ቃል ከስክሪኑ ግርጌ ብቅ ይልና ወደ ላይ ይሮጣል። ጠብቅ፣ ጠብቅ፣ ጠብቅ፣ ማለቂያ የለውም። ሽማግሌው እጆቹን ጭኑ ላይ አጣምሮ፣ ቁልፎቹን ለመንካት ፈርቶ፣ ዝም ብሎ ያየዋል። መምህርቷ ከኋላው መጥታ አንድ ቁልፍ ስትጫን ሩጫው ቀጥ አለ።

«ገባዎት?» አለችው።

«ገባኝ፣ መምህርት።»

ምኑ ነው የገባው? እንዲያው ምኑ? መምህርቷ ልቧ ያውቀዋል፤ እንዴት አያውቀውም፣ አባቷ ነው። ቤት ውስጥ «አባዬ» ትለዋለች፣ እሱም «አንቺ ልጅ» ይላታል። ክፍል ውስጥ ግን ሰው ፊት አባትና ልጅ የለም ብሎ ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው። ጠዋት ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ አውቶቡስ ይመጡና፣ የማሠልጠኛውን ደረጃ መውጣት ሲጀምሩ አንቱ ይባባላሉ። የመጀመሪያ ሰሞን ሁለቱም ሳቃቸውን ይዘው ነበር። አሁን የሚስቅም የለም፣ ደክሟቸዋል።

አባትየው በአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ ነው። የትኛው አውቶቡስ መቼ እንደሚወጣ ሲወስን ነው ጸጉሩ የሸበተው። አሁን ድርጅቱ ስምሪቱን ለኮምፒውተር ሊሰጥ ተነሣና፣ ይህን የጀማሪዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ሥልጠና ያለፈ በቢሮው ይቀጥላል፣ ያላለፈ በር ላይ ቆሞ ትኬት ይቆርጣል አለ። ፈተናው ዛሬ ነው። ውጤቱም ዛሬውኑ ይላካል።

መምህርቷ ስታስተምር ሽምደዳ አትወድም። ኮምፒውተር ያሉትን እንጂ ያሰቡትን አያደርግም የሚለውን ለማሳየት፣ የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆማ እስከ መስኮቱ እንዲመሯት ሠልጣኞቹን አዘዘቻቸው። አንዱ «ሂጂ» አላት፤ ሄደች፣ ሄደች፣ «ቁሚ» የሚላት ስለጠፋ ከጠረጴዛው ጋር ተላተመች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ አባትየውም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን የሁሉም ትምህርት መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው፤ እሷ «ገባችሁ?» ትላለች፣ እነሱ «ገባን» ይላሉ። ይህ ሁሉ የገባ ነገር በየት በኩል ሾልኮ እንደሚወጣ እንጃ፣ በማግሥቱ ሀ ብላ ትጀምራለች።

ይሉኝታ ክፉ ነገር ነው። አባት «አልገባኝም» ቢል ልጄን ማስተማር አትችልም ይሏታል ብሎ ይፈራል። ልጅ ደግሞ ጠበቅ አድርጋ ብትጠይቀው በነዚህ ሁሉ ወጣቶች ፊት አባቴን ላዋርደው ነው ብላ ትተወዋለች። ማታ ቤት ሲገቡም ስለ ትምህርቱ አንዳቸውም አያነሡም፤ ዜና ያዩና ይተኛሉ።

የዛሬው ጥያቄ ለእሱ የተሰፋ ልብስ ነበር። ምናልባት እሷም ሳይታወቃት ለእሱ ብላ አውጥታው ይሆናል። አንድ አውቶቡስ ተራ ይዞ ቆሟል፣ መቼ ይሂድ? ጻፉ። አባትየው፣ ወንበሩ እስኪሞላ ጠብቅ፣ ሲሞላ ሂድ ብሎ ጻፈ። ተንኮሉ ግን ተሳፋሪው ከመሃል የሚቋረጥ መሆኑ ላይ ነው። የሚመጣ ሰው የለም፣ ወንበሩም አይሞላም፤ ኮምፒውተሩ እንደታዘዘው «ጠብቅ» እያለ ይጠብቃል።

«አንዴ ደግመው ይሞክሩ» አለችውና ወደ መስኮቱ ሄደች። ወገቧን ይቆጠቁጣታል። ምነው ባለፈልኝ፣ ምነው ዛሬ ባለቀልኝ አለች በልቧ።

ጥቂት ቆይቶ «መምህርት፣ ሠራ» የሚል ድምፅ ሰማች።

እውነትም ሠርቷል። ጥቂት ጠበቀ፣ ሰው ሲቀር ሰዓቱን አይቶ አውቶቡሱን አሰናበተና ሩጫው ቆመ። ደስታዋ እስከ ጉሮሮዋ መጣና ከዚያ ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው «ሂድ» አልነበረም፤ «ሂጂ» ነው። ከላይ ያለውም «ጠብቂ» ነው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስን አንተ ሲል የኖረ ሰው ነው። መኪናን ሁሉ አንቺ የሚለው አጠገቡ የተቀመጠው መካኒክ ነው፤ አጭርና ጠንካራ በመሆኑ ቡሎን ይሉታል። ቡሎን አሁን ኮርኒሱን ያጠናል።

በዚህ መሃል የማሠልጠኛው ጸሐፊ ቁልፏን እያንቀጫቀጨች በሩ ላይ ቆመች። የውጤቱ ወረቀት ሳይላክ እንዳያድር ብለውኛል አለቻት፤ የሁሉም ተሞልቷል፣ የቀሩት እኚህ አዛውንት ብቻ ናቸው። መምህርቷ ወረቀቱን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ማን ይጠይቃል? ፕሮግራሙ ሠርቷል፣ አለቀ። አባቷን በዚህ ዕድሜው በር ላይ ቆሞ፣ ትናንት ያዛቸው የነበሩት ሹፌሮች በአጠገቡ ሲያልፉ አሰበችው። እስክሪብቶውን አነሣች። አባትየውም እጇን አየ፣ ቀጥሎ ፊቷን አየ።

«አንቺ ልጅ» አለ።

ሠልጣኞቹ ሁሉ ዞሩ። በዚህ ክፍል ውስጥ እንዲህ ብሏት አያውቅም።

«አትጻፊው። የቡሎን ሥራ ነው። እኔ አልገባኝም።»

«የቱ ጋ ነው ያልገባዎት?»

«ሁሉም። ከበሩ እስከ መስኮቱ የሄድሽ ቀን ብቻ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ገባኝ ያልኩት አንቺን እንዳላሳፍር ብዬ ነው።»

«በር ላይ ትኬት ትቆርጣለህ እኮ፣ አባዬ» አለች፤ አንቱታው ከአፏ አምልጦ።

«እቆርጣለኋ። እኔ ያልገባኝ ነገር ተበላሽቶ ሰው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ከሚውል፣ እኔ በር ላይ ብውል ይሻላል። ደግሞ ለእኔ ብለሽ አትዋሺ። የዋሸሁት እኔ እበቃለሁ።»

እስክሪብቶው እጇ ላይ ከበዳት። አላለፈም ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ቀና ብላ ሳታይ ለጸሐፊዋ ሰጠቻት። ሠልጣኞቹ ቦርሳቸውን እየያዙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ። ቡሎን ጆሮው ቀልቶ በአጠገቧ ሊያልፍ ሲል፣ «ሁለተኛ ለሰው ስትሰጥ ቢያንስ ሴቷን ወንድ አድርጋት» አለችው። አባትየው ነው ቀድሞ የሳቀው።

«ልዘጋ ነው» አለች ጸሐፊዋ።

«ቁልፉን ተዪልኝ።»

ጸሐፊዋ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸውና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ወጣች። መምህርቷ ወንበር ስባ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ያለውን የቡሎንን ሥራ አጠፋችው።

«አውቶቡሱ ቆሟል። ሰው አይመጣም። ምን ታደርጋለህ?»

«እጠብቃለሁ።»

«እስከ መቼ?»

አባትየው አፉን ከፈተ። የመጣችለት ያችው የለመዳት «ገባኝ» ነበረች፤ መልሶ ዋጣት። ባዶውን ስክሪን አየ፣ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መምህርቷ ይሄኔ መልሱን ነግራው፣ ገባዎት ብላው፣ ቦርሳዋን አንሥታ ነበር። አሁን አልነገረችውም። ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አወለቀች፣ አገጯን በእጇ ደገፈችና ጠበቀችው።