ማብራሪያ ያልተሰጠበት ዘፈን

«በአገር ውስጥም ሆነ ከአገር ውጭ ለምትገኙ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አፍቃሪዎች በሙሉ! ‹ቆላ ሞገድ› የተሰኘው የፌስቡክ ገጻችን ዛሬ መስከረም ፲፩ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ መቶኛ ወዳጁን በሰላም ተቀብሏል። ለዚህ ታሪካዊ ምዕራፍ ላበቃችሁን ሁሉ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ዕለቱም በየዓመቱ ታስቦ ይውላል።»

መቶኛው ወዳጅ የገጹ ባለቤት ማስተዋል ራሱ ነበር። ዘጠና ዘጠነኛውም እሱው ነው፤ እዚያኛው ላይ ስሙ «ቤቲ ቆንጆ» ሲሆን ፎቶዋን ከሻምፑ ማስታወቂያ ላይ ነው የወሰደላት። ከቀሩት ግማሾቹ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ናቸው፤ «ላይክ አድርጉልኝ» እያለ ሲነዘንዛቸው ሰልችቷቸው እጅ የሰጡ። ሌሎቹ «ሞገድ» ሲባል የሬዲዮ ጥገና መስሏቸው የገቡ ናቸው። አንዱማ ከእያንዳንዱ ዘፈን ሥር «የዲናሞ ዋጋ ስንት ነው?» እያለ መጻፉን እስከ ዛሬ አልተወም።

ማስተዋል ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በጋዜጠኝነት ተመርቆ መተማ ዮሐንስ የወረደው ለአንድ የሰሊጥ አምራቾች ማኅበር የሕዝብ ግንኙነት ሆኖ ነው። ሥራው ሊቀ መንበሩ ትራክተር ላይ ወጥተው ሲወርዱ ፎቶ ማንሳትና «ጎበኙ» ብሎ መጻፍ ነበር። አንድ ቀን ለዚሁ ጉብኝት አጠገቧ ወዳለችው ኮኪት ከተማ ሲሄድ ነው አንዱአምላክን ያገኘው። አንዱአምላክ የትራክተር መካኒክ ነው፤ ከጋራዡ ጥግ፣ ከዘይት ጀሪካኖቹ አጠገብ፣ አቧራ የበላው ላፕቶፕ አለው። የሞተር ድምፅ በሞባይሉ ይቀዳል፣ ይቆራርጠዋል፣ ይደራርበዋል፤ ሲጨርስ የሚወጣው ነገር ትከሻን ሳያስፈቅድ የሚያነሣ ሙዚቃ ነው። ማስተዋል በዚያ ቀን ጉብኝቱን ረስቶ ሁለት ሰዓት ጎማ ላይ ተቀምጦ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ይህን ሰው ዓለም ሳያውቀው አልሞትም አለ።

ችግሩ ዝም ብሎ ማሰማት አለማወቁ ነው። ለሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ሦስት ገጽ ማብራሪያ ካልጻፈ እንቅልፍ አይወስደውም።

«እዚህ ጋ የሚቆራረጠው ድምፅ የሰው ልጅ ከማሽን ጋር የገባበትን ፍጥጫ የሚያሳይ ነው አይደል?» ይለዋል አንዱአምላክን።

«ኧረ የነዳጅ ፓምፑ አየር ስቦ ነው።»

ማስተዋል አንገቱን ነቅነቅ ያደርግና «ፍጥጫ» ብሎ ይጽፋል።

በአማርኛና በሰባራ እንግሊዝኛ እየጻፈ ለስንት አገር ብሎገሮች ላከ። ስምንት ወር ማንም አልመለሰለትም። በመስከረም ማለቂያ ላይ ግን በርሊን የሚኖር አንድ ሰው መለሰ፦ «ደስ ይላል። ግን የሰው ድምፅ ይጎድለዋል።» ማስተዋል ይህችን ደብዳቤ ከአሥራ አምስት ጊዜ በላይ አነበባት። በስምንት ወር የመጣችለት መልስ እሷ ብቻ ነበረች።

በዚያው ሳምንት ነው ዘመነ ወደ ቢሮው የመጣው።

ዘመነ ከጎጃም ለሰሊጥ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው። ከአንድ ቀበሌ አብሮት የወረደው ጓደኛው ጌጡ ከኮኪት ወዲያ ባለው እርሻ ላይ ወባ ይዞት በአራተኛ ቀኑ አርፎ ነበር። እዚያ እርሻ ላይ ደግሞ አንድ ሥርዓት አለ። ሠራተኛ ሲሞት የሚያለቅስለት ዘመድ አጠገቡ ስለሌለ፣ የካምፑ ምግብ ሠሪ ሰርኬ በእናቱ ቦታ ትቀመጥና የእናቱን ስም እየጠራች ታለቅስለታለች። ያገሩ ልጅ ቃሉን በልቡ ይይዝና አጨዳው ሲያልቅ አገሩ ወጥቶ፣ እናትየው ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም ያንኑ ቃል ይላታል። መርዶው ያ ነው። እስከዚያ ድረስ ያን ለቅሶ ማንም አይደግመውም፤ ሰርኬ ራሷ እንኳ አትደግመውም። ዘንድሮ ግን ዘመነ ቃሉ እንዳይጠፋው ፈርቶ በሞባይል ቀዳው። የሱ ሞባይል ደግሞ መሞቻዋ ደርሷል።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር አለዎት አሉኝ» አለ ኮፍያውን አውልቆ። «ሰው ለሰው ነው ብዬ ነው የመጣሁ። ሌላ ሚሞሪ ላይ ይገልብጡልኝ። ደሞ አደራ፣ እናቱ ሳይሰሙት ሌላ ሰው እንዳይሰማው።»

«አታስብ» አለው ማስተዋል።

ሲገለብጥ በትክክል መቅዳቱን ማረጋገጥ ነበረበት፤ ቢያንስ ለራሱ ያለው እንደዚያ ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። የሰርኬ ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ ከኋላዋ ነፋስ አለ፤ ዝቅ ብሎ የወንዶች ሲቃ ይሰማል።

ጥሩአየሁ ደጅሽን ክፈቺው በማለዳ፣
ነፋስ ነው የሚመጣው፣ ጌጡ ቀርቷል ሜዳ።

ከዚያ ስሙን ብቻ ትጠራለች። ጌጡ። ጌጡ። ጌጡ።

ማስተዋል አለቀሰ። ውሸት አይደለም፣ ከልቡ ነው ያለቀሰው። እያለቀሰ ግን ቀኝ እጁ ፋይሉን ወደ ራሱ ፍላሽ እየጎተተው ነበር። ዘመነ ዕንባውን አይቶ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለና እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሌባ ሁሉ አንዳች መጽናኛ አያጣም፤ የማስተዋል መጽናኛ «ማን ይሰማዋል?» የምትል ነበረች። ያለው መቶ ወዳጅ ነው፤ ሁለቱ እሱ ራሱ፣ አንዱ ዲናሞ ፈላጊ። ለስምንት ወር ዓለምን «ስሙኝ» ብሎ የለመነ ሰው፣ በዚያች ቀን ማንም ስለማይሰማው ተጽናና።

ኮኪት ሄዶ ፍላሹን ለአንዱአምላክ ሰጠው።

«ምንድን ነው?»

«የአጨዳ ዘፈን። የደስታ።»

አንዱአምላክ ትንሽ ሰማና ቀና አለ። «የደስታ? ሴትዮዋን አሟታል እንዴ?»

«የደጋ ሰው ደስታው እንዲህ ነው። ባህሉ ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ ሐዘናቸውን አያሳየኝ» አለ አንዱአምላክ፤ አለና ግን ከላፕቶፑ ለሦስት ቀን አልተነሣም። ከሥር የትራክተር ሞተር ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ያጓራል፤ ከላይ ያቺ ድምፅ «ጌጡ… ጌጡ… ጌጡ…» ትላለች፤ መካከል ላይ ሁሉም ነገር ጸጥ ይልና «ደጅሽን ክፈቺው» የምትለው ብቻዋን ትቀራለች፤ ከዚያ ከበሮው ይወርዳል። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሠርቶ አያውቅም ነበር። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ይቀር ነበር። ክፋቱ፣ ግሩም ነበር።

ማስተዋል በጥቅምት ማለቂያ ላይ «ሦስተኛ ማርሽ» ብሎ ለቀቀው። ማብራሪያውም አልቀረም። «ይህ ጥንታዊ የሰሊጥ አጨዳ ዘፈን፣ የደጋው ገበሬ ቆላ ወርዶ የምድሪቱን በረከት ሲሰበስብ የሚሰማውን ወሰን የለሽ ሐሤት…» እያለ ሦስት ገጽ ተኩል ሄደ።

የበርሊኑ ሰውዬ በማግሥቱ ብሎጉ ላይ አወጣው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለ አንድ የሰርግ ዲጄ ከዚያ አንሥቶ አጫወተው። የሰሊጥ መኪና ሾፌሮች በፍላሽ ተቀባበሉት፤ ድንበሩ ላይ ጀላቢያ የለበሱት የሱዳን ነጋዴዎች ሰውን በአገራቸው አጠራር «ያ ዙል፣ ጌጡን ክፈተው!» ማለት ጀመሩ። አንድ መቶው በሦስት ሳምንት ስድስት ሺህ ሆነ። ዲናሞ ፈላጊው እንኳ «ዘፈኑ አሪፍ ነው፤ የዲናሞው ነገርስ?» ብሎ ጻፈ።

እንግዲህ ሰው ሊደሰት የሚገባው ይሄኔ ነበር። ማስተዋል ግን ባጃጅ ውስጥ «ጌጡ… ጌጡ…» ሲል ከሰማ መድረሻው ሳይደርስ «ወራጅ!» እያለ በፀሐይ መሄድ ጀመረ። ምሳ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ስፒከር ያለበትን አቅጣጫ ያያል። ማኅበሩ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ሊቀ መንበሩ እጁን ይዘው «የኛ ልጅ ያወጣው ነው!» ብለው በዚያው ዘፈን አስጨፈሩት። ትከሻው ተንቀሳቀሰ፤ ፊቱ ግን በቁሙ የተገነዘ ሰው ፊት ነበር። ዘፈኑን ላወርደው ነው እያለ ቀን ይቆርጣል። መጀመሪያ «አርብ» አለ። ቀጥሎ «የበርሊኑ ሰውዬ ቃለ መጠይቁን ሲጨርስ» አለ። በኋላ «ሰባት ሺህ ሲሞላ» አለ። ሰባት ሺህም ሞላ።

አጨዳው አልቆ ዘመነ፣ እርሻው ላይ ዘፈኑ ሳይደርሰው፣ በኅዳር ማብቂያ ላይ አገሩ ወጣ። በአሥረኛው ቀን ተመልሶ ማስተዋል ቢሮ ገባ። ኮፍያውን አላወለቀም፤ ረስቶት ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ደህና ነህ ዘመነ? እናቲቱስ? አገኘሃቸው?»

«አገኘኋቸው ጋሼ።» ዘመነ ጉልበቱን ያሻሽ ነበር። «ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ነበር አሉ። ሚሞሪ የሚሞላበት ሱቅ አለ፣ ደጁ ላይ ስፒከር የሚያወጣ። ልጆች ይጨፍራሉ። እሳቸው ቅቤያቸውን ይዘው ሲያልፉ ጥሩአየሁ የሚል ሰሙ። ቆሙ። ቀጥሎ ጌጡ ሲል ሰሙ። ባለ ሱቁን እስቲ ድገመው አሉት። ደገመላቸው። ደሞ ድገመው አሉት። የወደዱት መስሎት ድምጡን ጨመረላቸው።»

ማስተዋል ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አየ።

«እኔ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ቆየኝ። ቢሆንም ደጃፉ ላይ ቆምሁ፤ ቃሉን ልበላቸው ብዬ አፌን ስከፍት፣ ‹ተወው ልጄ፣ ሰምቼዋለሁ› አሉኝ። ‹ከነከበሮው› አሉኝ።»

ውጭ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ አንዱ «ና! ና! ና!» ይላል። ዘመነ ሞባይሉን ከኪሱ አውጥቶ፣ ቀበሌ መታወቂያ እንደሚያሳይ ሰው በሁለት እጁ ዘረጋ።

«የመጣሁት ለዚህ ነው ጋሼ። እርስዎ የተማሩ ነዎት። ቃሉን በቀዳሁ ሰሞን ባስ ላይ ተኝቼ ነበር፤ ካምፑም ላይ የማድረው ከብዙ ሰው ጋር ነው። ይቺ ብሉቱዝ የሚሏት ከፍቻት ረስቼ ይሆን? ሳላውቀው ከኪሴ ይሰርቁታል ወይ? ከዚያ ወዲህ እህል አልበላ ብሎኛል። እናቱ መርዶውን ገበያ ላይ የሰሙት በኔ ጥፋት ነው እያልሁ።»

ማስተዋል እውነቱን ተናገረ ማለት ደስ ባለን። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ግን «ይሆናል…» የምትለው ናት። አዎ፣ ብሏታል። ዘመነም ራሱን ዝቅ አደረገ፤ «ውይ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ውይ፣ ገደልኋቸው።»

ከዚያ በኋላ ነው ማስተዋል «እኔ ነኝ» ያለው።

ዘመነ ቀና አለ።

«እኔ ነኝ የሰረቅሁህ። ያን ቀን ስገለብጥልህ ለራሴም ወሰድሁ። ሞባይልህ ምንም አላደረገችም።» እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? አመሉ አልለቀቀውም፤ «ነገር ግን እንድትረዳልኝ የምፈልገው፣ ዓላማዬ የቆላውን ድምፅ ለዓለም ማስተዋወቅ፣ ማለትም የነጻ ሙዚቃ ባለሙያዎች ዕድል የሚያገኙበትን…»

«ጋሼ» አለ ዘመነ፤ ጎላ አላደረገውም። «ተወኝ።»

አንቱታው የቀረው እዚያች ላይ ነው። ስድብ ቢሰድበው እንደዚያ ባልከበደው።

ዘመነ ሞባይሉን ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያ ጠየቀ፦ «የትራክተሩን ድምጥ የጨመረበት ሰው፣ እሱስ ያውቃል?»

«አያውቅም። የአጨዳ ዘፈን ነው ብዬው ነው።»

ዘመነ አሰበ። «እንግዲያ እንዳትነግረው። የሰው ለቅሶ አስጨፍሬ ነበር ብሎ ይኑር? እሱ ምን በደለ። ላንተ ይበቃል።» ተነሣ፤ ይሄኔ ነው ኮፍያው ትዝ ያለው፤ አውልቆ መልሶ አደረገው። «እሳቸው ተዝካሩ እስኪወጣ ስሙ ባይጨፈርበት ብለዋል። ሌላ ነገር አላሉም።»

በዚያው ቀን ማስተዋል ሁሉንም አጠፋ። ዘፈኑን፣ ማብራሪያውን፣ ገጹን ከነሰባት ሺህ ወዳጁ፣ ቤቲ ቆንጆንም ጨምሮ። ለበርሊኑ ሰውዬ «ይቅርታ፣ አንሣው» ብሎ ጻፈለት፤ ምክንያት አልጨመረበትም። በሕይወቱ የጻፈው አጭሩ ደብዳቤ ያ ነው። ከዚያ መንገድ ወጣ። ከወፍጮ ቤቱ ፊት አንድ ባጃጅ «ጌጡ… ጌጡ… ጌጡ…» እያለ አለፈው። ፍላሽ በኪሱ ያለው ሾፌር ሁሉ፣ ከገዳሪፍ እስከ ሳንጃ፣ ይዞታል። ማስተዋል ያጠፋው ማብራሪያውን ብቻ ኖሯል።

በማግሥቱ አንዱአምላክ ከነግሪሱ፣ ከነቱታው ከኮኪት መጣ። በሩን አላንኳኳም።

«ገጹን ማን ነው ያጠፋው?»

«እኔ።»

«ዘፈኔንስ?»

«እኔ።»

«አንተ ሰው ጤና የለህም እንዴ? የበርሊኑ ሰውዬ እኮ ሸክላ ላይ ላትመው ብሎ ነበር! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ትራክተር ሥር ተጋድሜ የኖርኩ ሰው፣ አንድ ነገር ወጣልኝ ስል… ምን አድርጌህ ነው?»

«ምንም አላደረግኸኝም።»

«ታዲያ ለምን?»

ማስተዋል ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

«ቀንተህ ነው። እናቴን፣ ቀንተህ ነው! ሰው ስለኔ ማውራት ሲጀምር፣ ስላንተ ማብራሪያ የሚያነሣ ሲጠፋ ጊዜ አልቻልከውም።» ማስተዋል እስክሪብቶውን አንሥቶ ከደነው። ይህ አንዱአምላክን ይበልጥ አናደደው። «ተናገራ! የነዳጅ ፓምፕ ባስነጠሰ ቁጥር ሦስት ገጽ የምትጽፍ ሰው አይደለህም? ለኔ አንዲት መስመር አጣህ?»

ማስተዋል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተነሣና የተከፈተውን በር ያዘለት።

«አላብራራም» አለ።