የቀጭን ውሃ የእሳት እራት

አንዲት የእሳት እራት ወይዘሮ ይርገዱን ግብርና ጽሕፈት ቤት ከሰሰቻቸው። ክሱ የልጆቿን ምግብ ነቅለዋል የሚል ነው። እውነትም ሴትየዋ ትል የፈጀውን አንድ የጌሾ እግር ከጓሯቸው ነቅለው ጥለው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ከሳሿ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ከጥፍር አትበልጥም፤ አመድማ ናት፤ በክንፎቿ ላይ ሁለት ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ።

«ጌሾዬን የጨረሱት የእሷ ትሎች! ጭራሽ እኔው ልከሰስ? ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!»

ባለሙያው አቶ ልሳነወርቅ ነፍሳት የሚመዘገቡበትን መጽሐፍ ገልጦ አነበበ። «ልጆቿ ጌሾ ብቻ ይበላሉ። የምትኖረው ከቀጭን ውሃ ወንዝ ማዶ ነው።»

«ይኸው! የእኔ ቤት ወዲህ ነው። ታዲያ ምን ልትሠራ መጣች?»

«መጽሐፉ አይሳሳትም፣ እማማ። እሷ ጓሮዎ ካለች፣ ጓሮዎ ማዶ ነው ማለት ነው። እናስተካክለዋለን» አለና ማኅተም መታ።

በማግስቱ ቀጭን ውሃ በወይዘሮ ይርገዱና በልጃቸው በፈትለወርቅ ቤት መካከል ይፈስ ነበር። እናትና ልጅ ደጅ ለደጅ ነበር የሚተያዩት። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ ፈትለወርቅ ወሯ ገብቷል፣ ክረምቱ ከብዷል፣ ወንዙ ድልድይ የለውም።

«እማዬ፣ ምጡ መጣ!» ብላ ከወዲያ ተጣራች።

የወይዘሮ ይርገዱ ደም ፈላ። በወረቀት ወንዝ አዛውሮ እናትን ከልጇ ምጥ የሚያስቀር ግፍ በዘመናቸው አላዩም። ቢሆንም አሰቡት። ጌሾ ከሌለ የእሳት እራቷ የለችም፤ እሷ ከሌለች ወንዙ እዚህ ምን ይሠራል? ሟች ባላቸው የተከሉትን የቀረውን ጌሾ ሁሉ ከነሥሩ መንግለው ውሃው ውስጥ ወረወሩት።

ወንዙ ጎደለ። ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡ።

የእሳት እራቷ ትከሻቸው ላይ አረፈች። «መጽሐፉ ላይ ሌላ ምግብ አስጽፌያለሁ» አለች።

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«አቶ ልሳነወርቅ። ማኅተም አለው።»

ውሃው ተመልሶ ሞላ። ወይዘሮ ይርገዱ እየተንገዳገዱ ወደ ኋላ ወጡ። «ምንድን ነው ያስጻፍሽው? ተናገሪ እንጂ!»

ከትከሻቸው ወርዳ አውራ ጣታቸው ላይ አረፈች።

ረፋዱ ላይ ከማዶ የጎረቤት ሴቶች ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ሴት ናት። ወይዘሮ ይርገዱ እልልታውን ሊመልሱ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲያነሱ፣ ከአምስቱ ጣቶቻቸው ጫፍ ለምለም የጌሾ ቅጠል ወጥቶ አዩ። የአውራ ጣታቸው ቅጠል በትል ተበልቶ አልቋል።