የተረፈ ሆድና የአባቱ ቀራሮ

ዛፍ ወርሶ ዛፉ ላይ መውጣት ያቃተው የመጀመሪያው የሸኮ ሰው ተረፈ ነው ይባላል። ከእሱ በፊት ሌላ ኖሮ ከሆነም ሆዱ ሸፍኖት አልታየም።

ዛፉ ቀራሮ ነው። ከአባቱ ቡና ማሳ ጥግ ቆሞ ሰባት የማር ቀፎ ተሸክሟል፤ ጫፉን አያለሁ ብሎ ያንጋጠጠ ሰው ባርኔጣው ከኋላው ይወድቃል። አባትየው ሊሞቱ ሲሉ መሬቱን ለልጃቸውና ለወንድማቸው ልጅ አካፈሉ፤ ቀራሮውን ግን አላካፈሉም። «ዛፉ ለወጣበት ነው» አሉ። «ማሩን በገዛ እጁ ቆርጦ ያወረደ ይውሰደው። ከታች ቆሞ አፉን የሚከፍት ዝንብ ይዋጥ።»

ያኔ ተረፈ ቀጭን ነበር። በየዓመቱ ግንቦት ላይ እንደ ጉሬዛ ተንጠላጥሎ ወጥቶ ማሩን ይቆርጣል። ኋላ ሚዛን ተፈሪ ገብቶ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ውስጥ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ እሱ አለ፤ እንዲህ ሆነው አሥራ አምስት ዓመት ተቀመጡ። ማር መቁረጡን ለቅጥር ሰው ተወው። ሆዱ መጀመሪያ ቀበቶውን አለፈ፣ ከዚያ ጉልበቱን ጋረደ። ባጃጅ ሲሳፈር ሾፌሩ እመሀል ካላስቀመጠው ባጃጇ አንድ እግሯን አንስታ ትሄዳለች፤ ሲወርድላት እንደ ጥጃ ትዘላለች።

የአጎቱ ልጅ ሳህሉ ይህን ሁሉ ቆጥሮ ያዘ። ሳህሉ በጎን ከዞረ የማይታይ ቀጭን ሰው ነው። ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምህረት ላይ ሽማግሌ ሰበሰበና «የሟቹ አጎቴ ቃል ወጣበት እንጂ አስወጣበት አይልም» አለ። ነገሩ ሐቅ ነው። ተረፈም ተናዶ ጫማውን አወለቀ፣ የሐረጉን ገመድ ከግንዱ አዙሮ ወገቡ ላይ አሰረና ወጣ። የወጣው አንድ የሰው ቁመት ነው። ከዚያ ለቋጠሮው በቅጡ ያልበቃው ገመድ ተፈታ፤ ሸሚዙ ተገልቦ ሆዱ ከቅርፊቱ ጋር እየተፋተገ ወረደ። ላቡ፣ የዛፉ ሙጫ፣ የተጨፈለቀ ጉንዳን፣ ሁሉም እምብርቱ ውስጥ ገብቶ ተቦካ። በጣቱ ዝቆ ያወጣውን ያየ ሰው ሦስት ቀን ገንፎ አልበላም ይባላል።

«ወንድሜ» አለ ሳህሉ፣ «ለዛፉም እዘንለት።»

የሽማግሌዎቹ ታላቅ ወልደአማኑኤል ፈረዱ። «እስከ መጪው ግንቦት ጊዜ ይሰጠው። ያኔ በገዛ እጁ ማር ካላወረደ ዛፉ ለሳህሉ ነው።»

ተረፈ ሚዛን ተመልሶ ክሊኒክ ሄደ። ነርሷ ሲስተር ሔለን መመዘኛው ላይ ብታወጣው መርፌዋ ጥግ ድረስ ሄዳ ተንቀጠቀጠችና ቀረች። አማራጭ ስለጠፋ ጎረቤት ካለው የቡና መረከቢያ ወሰደችው፤ ከጆንያ ጋር ተሰልፎ ተመዘነ።

«አንድ መቶ አሥራ ሁለት» አለ መዛኙ። «ለጆንያው አንድ ኪሎ ልቀንስለት? እርጥበትም ያለው ይመስለኛል።»

ሔለን ሳቋን ዋጥ አድርጋ መከረችው። «ጋሽ ተረፈ፣ ምግብ ሁሉ ጉልበት ይሰጣል። የጉልበቱ መለኪያ ካሎሪ ይባላል። በቀን ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ አይለፉ።»

«በምን አውቀዋለሁ?»

«የታሸገ ከሆነ ፓኮው ላይ ተጽፏል። የቤቱን ምግብ ደግሞ በመጠኑ መብላት ነው።»

ከዚህ ምክር ተረፈ የያዘው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ቢያቋርጥም ቁጥር ይወዳል።

ማታ ሚስቱ እማዋይሽ የተቀቀለ ጎደሬና ጎመን አቀረበች፤ ዳጣም አለው።

«ስንት ነው ይሄ?» አላት።

«ምኑ?»

«ካሎሪው።»

እማዋይሽ አንዱን ጎደሬ አነሳችና ዙሪያውን አገላብጣ አየችው። «አልተጻፈበትም። ስልጠው ተፍቆ ይሆናል።»

«እንግዲያው አልበላውም። ስንት እንደሆነ ያልታወቀ ነገር ሆዴ አይገባም።»

«እስከ ዛሬ የገባውስ?»

«ለዚህ ያበቃኝ እሱ ነው።»

«ጎደሬ ነው ያወፈረህ? እኔ አብሬህ ስበላ ምነው ታዲያ እንደ ማጭድ ቀረሁ?»

ተነስቶ ሱቅ ገባ። እዚያ ሁሉም ነገር ቁጥር አለው። ክሬም ያለበት ብስኩት ዘጠና ይላል። በውሃ የሚበጠበጠው የብርቱካን ዱቄት ጭማቂ ስልሳ ይላል። ከረሜላ፣ ማርጋሪን፣ በላስቲክ የታሸገ ኬክ፣ ሁሉም ደረቱ ላይ ቁጥሩን ለጥፎ እንደ ተማሪ ተሰልፏል። ተረፈ ደስ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርሱም ምሳውም እራቱም ከመደርደሪያ ሆነ። አንድ ፓኮ ብስኩት ዘጠና፣ ሁለተኛው ዘጠና፤ እየደመረ ይበላል፣ አሥር ካሎሪ ከተረፈው ከረሜላ ይልሳል።

ከሱቁ አጠገብ ሻይ ቤት አለ። እዚያ ስለ ሰው ሆድ የማይፈርድ የለም። አንዱ ውፍረት ከቅቤ ነው ይላል፣ ሌላው አምሽቶ መብላት ነው ይላል፤ አንድ የቴፒ ሾፌር የሚያወፍረው ውሃ ነው ብሎ ሁለት ዓመት ውሃ ሳይጠጣ እንደነዳ ምሎ ተናገረ። ጡረተኛው መምህር ብሩክ ግን ተረፈ ብስኩቱን ሲፈጭ እያየ ፊቱን አጨማደደ።

«ቁጥሩ እኩል ከሆነ ምግቡ ሁሉ እኩል ነው ነው የምትለው?»

«ቁጥር ቁጥር ነው፣ ጋሼ።»

«አንድ ኩንታል ቡናና አንድ ኩንታል ገለባ እኩል ይመዝናሉ። በል ገለባውን አዲስ አበባ ወስደህ ለቡና ላኪ ሽጥለት።»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። የተረፈ አፍ ግን ተጣብቋል። ብስኩቱ ጥርሱ ሥር ገብቶ እንደ ጭቃ ይለሰናል፤ በትንሽ ጣቱ እየፋቀ ያወጣና፣ ካሎሪው እንዳይባክን፣ መልሶ ይልሰዋል። ምላሱ ብርቱካንማ ሆነ። ላቡ ብርቱካን ሸተተ፤ ዛፍ ላይ በቅሎ የማያውቅ፣ ፋብሪካ ውስጥ የተወለደ ብርቱካን። ሲያገሳ እማዋይሽ መስኮት ትከፍታለች። ሌሊት ትራሱ ላይ የሚያዝረበርበው ለሃጭ ቀለም ስላለው የትራስ ጨርቁን ለየችበት። የሚገርመው ግን ረሃቡ ነው። በልቶ ሰዓት ሳይሞላ ሆዱ እንደ ባዶ በርሜል ያንኳኳል።

ታኅሣሥ ላይ ቡና መረከቢያው ሄዶ ተመዘነ።

«አንድ መቶ ሃያ አንድ» አለ መዛኙ። «ሰው ቡና ሲያደርቅ ይቀንሳል፣ አንተ እንዴት ነው የምትደርቀው?»

ተረፈ እየተቆጣ ክሊኒክ ገባ። «ሲስተር፣ ይሄ ካሎሪሽ ውሸታም ነው። አንድም ቀን አላለፍኩም።»

«የሚበሉትን ያሳዩኝ እስቲ።»

ኪሱ ውስጥ አይጠፋምና አንድ ፓኮ አወጣ። ሔለን ከጀርባው ያለችውን የጉንዳን እግር የምታክል ጽሑፍ አነበበች። ከዚያ ፓኮውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኖረችው።

«ዘጠና የሚለው ለአራት ብስኩት ነው። ፓኮው ውስጥ ስንት አለ?»

ተረፈ ነጋዴ ነው፣ ያውቀዋል። «ሃያ አራት።»

«በቀን ስንት ፓኮ?»

«አሥር። አንዳንዴ አሥራ ሁለት።»

«ቁጥሩ አልዋሸም ጋሽ ተረፈ፤ እርስዎ ነዎት ስድስት እጥፍ የበሉት።»

«ሌላው ሃያውስ የማን ነው?»

«የሌላ ሰው ነው። ወይም የሌላ ቀን።» ፓኮውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ቢቆጥሩትም እኮ አራት ብስኩት ሰው አያጠግብም። የሚያጠግብዎትን ይብሉ፤ ጎደሬ፣ ጎመን፣ ባቄላ። ሁለት ወር ታግለው የሚተውት ነገር አያዋጣም፣ የቀነሱት ኪሎ ዘመድ ጠርቶ ይመለሳል። ዕድሜ ልክዎን ሊኖሩበት የሚችሉትን ይያዙ። ይሄን ዕድሜ ልክዎን መብላት ይችላሉ?»

ተረፈ ፓኮውን አየው። ስዕሉ ላይ አንዲት ፈገግ ያለች ላም አለች። ጣፋጩ ሽታ አፍንጫው ገባ፤ ሮጦ ወጥቶ ከክሊኒኩ አጥር ሥር አስመለሰው። ያስመለሰው ሦስት ቀለም ነበረው፣ አረፋም ነበረው። የሰፈር ውሻ መጣ፣ አሸተተ፣ ቀና ብሎ ተረፈን አየውና ሄደ። የሚዛን ውሻ ትቶት የሄደው ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም።

በማግስቱ ሱቁን አራገፈ። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ የዱቄት ጭማቂ፣ ኬክ፣ አርባ ካርቶን።

«መሸጥ አቃተህ?» አለች እማዋይሽ።

«እኔ አጥር ሥር የተፋሁትን ለሰው ልጅ አልሸጥም።»

«እንግዲያው እዚሁ አቃጥለዋ።»

«የለም። ዛፉ ሥር እቀብረዋለሁ። እንዲያየኝ እፈልጋለሁ።»

አይሱዙ ተከራይቶ ሸኮ ወሰደው። ከቀራሮው ጥቂት እርምጃ ርቆ መቆፈር ጀመረ። ግን ሲያጎነብስ ሆዱ ትንፋሹን ይዘጋበታል፤ ጉድጓዱ ጉልበት ድረስ እንደደረሰ ደከመው። ፓኮውን እየቀደደ ካርቶኑን ዘረገፈው፣ እላዩ ላይ የኮባ ቅጠል ጣለበትና አፈር በተን አደረገበት። ሳህሉ ከማሳው ዳር ቆሞ ያያል።

«ምን እየቀበርክ ነው?»

«ሆዴን» አለው ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር መጠየቅ ተወ። እማዋይሽ ያቀረበችውን በላ፣ ሲጠግብ አቆመ። ሱቁ ውስጥ ሳሙና፣ ጨው፣ ባትሪና ምስማር ቀረ፤ ወንበሩን ለሻይ ቤቱ ሰጠና ቆሞ ሸጠ። በባጃጅ መሄድ ተወና በእግሩ አቀበት ቁልቁለቱን ወረደ ወጣ። መጀመሪያ ሰሞን ጭኑ ተፋትጎ ተላጠ፣ ቁስሉ መግል ያዘ፣ ዝንብ ተከተለው። አንዳንድ ወር ስድስት ኪሎ ቀነሰ፣ አንዳንድ ወር ምንም። ብሩክ ሲያየው «ገለባው እየተነፋ ነው» ይላል። ግንቦት ሲገባ መዛኙ «አንድ መቶ አራት» ብሎ ጆንያውን ሳይቀንስ ጻፈለት።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከቀራሮው ሥር ተቀመጡ፣ ሳህሉ ለራሱ አዲስ ገመድ ፈትሎ መጥቷል። ተረፈ ሐረጉን አሰረ፣ የሚጨስ ችቦ ጀርባው ላይ አንጠለጠለ፣ ወጣ። ባለፈው የተንሸራተተበትን አለፈ። ሁለት የሰው ቁመት፣ አምስት፣ አሥር። ላቡ ዓይኑን ያቃጥላል፤ ወደ ታች ቢያይ የሳህሉ ፊት እንደ ሎሚ ኮምጥጧል። ጉሬዛዎቹ ሳይቀሩ ቦታ ለቀቁለት። የመጀመሪያው ቀፎ ጋ ደረሰ፣ ጭሱን ነፋበት፣ ንቡ ተበተነ፣ ክዳኑን ከፍቶ እጁን ሰደደ።

የወጣው ሰፈፍ ቀለሙ ልክ አልነበረም። ጭሱ ነው ብሎ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ሽታው መጣ። ተረፈ ያንን ሽታ በሕልሙም ያውቀዋል።

ያ ዓመት የበልግ ዝናብ ዘግይቶ የቡናው አበባ ሳስቶ ነበር። አልፎ አልፎ የጣለው ካፊያ ደግሞ በቅጡ ያልተቆፈረውን ጉድጓድ ሞልቶ ከረሜላውንና ዱቄቱን ወደ ሽሮፕ ለውጦታል። ንብ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ በር ላይ ድግስ ተጥሎለት ጫካ ለጫካ አይንከራተትም።

ባዶ እጁን መውረድ አይችልም፤ ቆርጦ ይዞ ወረደ። ወልደአማኑኤል ሰፈፉን ተቀበሉ። የመንገድ ሠራተኛ ልብስ የመሰለ ደማቅ ብርቱካንማ ነው፣ እንደ ንፍጥ ይለጠጣል። ቀመሱ። ተፉ። ውሃ አስመጥተው ሦስቴ ተጉመጠመጡ፣ ጢማቸውን አስጠረጉ።

«ሰማኒያ ዓመት ማር በልቻለሁ» አሉ። «አፌን ያቆሸሸብኝ ማር ይሄ ነው።»

ሌሎቹም ቀምሰው ተራ በተራ ተፉ። ሳህሉ ጣቱን ነክሮ ላሰ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ ምላሱን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ተረፈን ቀና ብሎ አየው።

«ስንት ካሎሪ ነው?»

ተረፈ መሬት መሬቱን ያያል። ጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል።

ወልደአማኑኤል ፈረዱ። «ቃሉ ቃል ነው፣ ወጥቷል፣ በገዛ እጁ አውርዷል። ዛፉ የተረፈ ነው። ቆሻሻውም የራሱ ነው። ሰባቱንም ቀፎ አንድ በአንድ ያውርድ፣ ይጠብ፣ በጭስ ይጠን፣ መልሶ ይስቀል። ጉድጓዱንም ይጥረግ። ማንም እንዳይረዳው።»

«ልርዳው ብልስ» አለ ሳህሉ፣ «ማን ሊነካው?» አዲሱን ገመድ በትከሻው ጥሎ እየተፋ ሄደ።

ተረፈ እጁን በሣር አሸ፣ በአፈር አሸ፤ ሽታው አልለቅ አለው። አብራው የመጣችው እማዋይሽ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችውን ጎደሬ ፈታች። ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ ሸተተውና መለሰው።

«አንቺው አጉርሺኝ» አላት።

ፊቷን ወደ ጎን አዙራ አጎረሰችው። አኝኮ ዋጠ፣ ቀና ብሎ ሰባቱን ቀፎዎች ቆጠረ፣ ሐረጉን ወገቡ ላይ አሰረ። አምና ለቋጠሮው እንኳ ያልበቃው ገመድ ዘንድሮ ሁለት ክንድ ያህል ከኋላው ተንጠልጥሎ፣ በተፉበት ሣር ላይ እየተጎተተ ተከተለው።