ሦስተኛ ማርሽ አልገባም ያለችው መኪና

«ይርገጡት፣ ይርገጡት፣ እንዳይለቁት!» አለ መካኒኩ ኢስማኤል፣ ጆሮውን ወደ መኪናዋ ወለል ዘንበል አድርጎ።

ባለመኪናዋ አሮጊት፣ ዶኛ ኤኔይዳ፣ የነዳጁን ፔዳል ረገጡት። ሞተሩ ጮኸ እንጂ መኪናዋ ፈቀቅ አላለችም። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስትገባ ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ መሀል ዳገት ላይ ትለግምና ኋላ ነቅነቅ ብላ ትነሳለች። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ዶኛ ኤኔይዳ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረጉ።

በሃዩያ ተራራ ያለ ክላክስ ኩርባ የሚዞር ሰው የለም። ሁለት ጊዜ ግን ማንም አያደርግም።

«አንዱስ ከላይ ለሚመጣው ነው። ሁለተኛው ለማን ነው?» አለ ኢስማኤል።

«ለጎረቤቴ ለካርሚን። ከበረንዳዋ ሆና እጇን ታወዛውዝልኛለች።»

«ካርሚን ከሄደች አራት ዓመት አልሆናትም እንዴ?»

«አምስት» አሉ ዶኛ ኤኔይዳ። «እጄ ለምዶብኝ ነው።»

በረንዳው ላይ ሐረግ ወጥቶበታል። ከዚያ በላይ ያሉት ሦስት ቤቶችም ተዘግተዋል።

ልጃቸው ኤድጋርዶ ከኦርላንዶ እየደወለ «እኔ ጋ ነይ» ማለት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። እሳቸውም በደወለ ቁጥር «መኪናዬን ለማን ጥዬ?» ይሉታል። ባለፈው እሁድ ግን ቃል አስገባቸው፤ ካምቢዮው ሞቷል ከተባለ መኪናዋ ትሸጣለች፣ እሳቸውም ይሄዳሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ያለ መኪና እዚያ ላይ ዳቦም መድኃኒትም አይገኝም።

ጋራዡ እንደ ደረሱ ኢስማኤል ሞተሩን ሳያጠፋ ኮፈኑን ከፈተ። የአውቶማቲክ ካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዘ፣ ጠረገ፣ መልሶ ከቶ እንደገና መዘዘ።

«ዘይቱን የሚያየው ማነው?»

«እኔ ነኛ! በየቅዳሜው አያለሁ። ሙሉ ነው።»

«ሞተሩ ጠፍቶ ነው የሚያዩት?»

«ታዲያስ! ባለቤቴ ሴልሶ እንደዚያ ነው ያስተማረኝ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ።»

ኢስማኤል ሳቁን መያዝ አቃተው። «ነፍሱን ይማረውና፣ ዶን ሴልሶ ያስተማረዎት የሞተሩን ዘይት ነው። የዚህችን ካምቢዮ ግን ሞቃ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው የሚያዩት። ሲጠፋ ዘይቱ ሁሉ ታች ይጠራቀምና ሙሉ ይመስላል። ይኸው፣ ጫፉን እንኳ አልነካም።»

«እሱ ካረፈ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ተሸውጄ ነዋ!»

ከሥር ገብቶ ሲያይ አንድ የጎማ ቱቦ ከማሰሪያው ላልቶ ያንጠባጥባል። አጠበቀው፣ ዘይት ጨመረ፣ መልሰው ዳገቱን ወጡ። ሦስተኛ ማርሽ መቼ እንደ ገባ እንኳ አልታወቃቸውም።

«ጤና ይስጥዎት እንጂ ገና አሥር ዓመት ይነዷታል!» አለ ኢስማኤል ሲመለሱ።

ዶኛ ኤኔይዳ ደስ እንዲላቸው ጠበቁ። አላላቸውም። ለካ ሳምንቱን ሙሉ መኪናዋ ሞታለች እስኪባሉ ሲጠብቁ ነው የከረሙት።

ስልካቸው ጠራ። ኤድጋርዶ ነው።

«እማ፣ መካኒኩ ምን አለሽ?»

ሞታለች ቢሉት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ማንም ምንም አይጠይቃቸውም ነበር፤ እሳቸውም ማንንም ሳይለምኑ ይሄዱ ነበር። ኢስማኤል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና ብሎ አያቸው።

«ድናለች» አሉ። «የጎደላት ዘይት ነው።»

«እሺ» አለ ኤድጋርዶ። «እንግዲህ አትመጪም ማለት ነዋ።»

«እመጣለሁ።»

«እንዴ! መኪናዋ ድናለች አላልሽም?»

«መኪናዋማ ደህና ናት፣ ልጄ። ብቻዬን መኖር ነው ያቃተኝ» አሉ። ይህን ቃል ለማንም ብለውት አያውቁም። «ቀኑን አንተ ቁረጥ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ በካርሚን ቤት ኩርባ ላይ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ክላክስ አድርገው አለፉ።