የቶርበን ሰደርያ

ቀብር አስፈጻሚው ቪጎ የሬሳ ሳጥኑን አምስተኛ ብሎን አጥብቆ ወደ ስድስተኛው ሲዞር የሞተር ሳይክል ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። እጁን ብሎኑ ላይ እንዳደረገ ቀና ብሎ የሟቹን እናት ቦዲልን አያት። እሷም ሰምታለች። ያንን ድምፅ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከበራፏ ላይ ስትሰማው ስለኖረች፣ የአንዱን ከሦስቱ ለይታ ታውቀዋለች። አሁን የመጡት ሦስት ናቸው።

"አይመጡም ብለሽኝ ነበር" አለች ልጇ ሪኬ የያዘችውን የአበባ ጉንጉን መሬት ላይ አስቀምጣ።

"እንዳትመጡ አልኳቸው እንጂ አይመጡም መቼ አልኩሽ?"

የአስከሬን ማቆያ ክፍሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለ ነጭ ቤት ነው፤ ከአንድ የሬሳ ሳጥንና ከአራት ሰው በላይ አይዝም። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ገና ከአሁኑ ግን ሁለት ጎረቤቶች ደውለው ቀርተዋል። "ለቶርበን ከልባችን አዝነናል፣ ግን እነዚያ ሰዎች የሚመጡ ከሆነ..." ብለው ነገሩን ሳይጨርሱት ስልኩን ዘጉት። ቦዲል አልተቀየመቻቸውም። እሷም ብትሆን የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ ትቀር ነበር። "የብረት ጥርስ" የተባለው የሞተረኞች ክለብ ሰደርያ ሲታይ በዚህች ከተማ ሰው መንገድ ይቀይራል፤ ባለፈው ዓመት አንድ ፒዛ ሻጭ መኪናው በተቃጠለ በሳምንቱ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ እንኳ ማን አቃጠለብህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ሞተሮቹ በሩ ድረስ መጥተው ጠፉ። ኬንት ቀድሞ ገባ፤ ገባ ማለት ደፉ ላይ ቆመ። ሽበት የወረረው ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል፣ ሰደርያው ሆዱ ላይ መዘጋት ካቆመ ቆይቷል። ግራ ደረቱ ላይ "አለቃ" የሚል ጨርቅ ተሰፍቷል። ከኋላው ሮኒ የሚባለው ቀጭኑ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ያያል። ሦስተኛው ውጪ ሞተሮቹን ይጠብቃል።

"እትዬ ቦዲል፣ እግዜር ያጽናዎት።"

"አመሰግናለሁ ኬንት። አሁን ሂዱልኝ።"

"እንሄዳለን። እኛ ለቀብር አልመጣንም።"

ቦዲል እንዳይመጡ ስትለምን የሰነበተች ሴት ናት። ቢሆንም ይህ አነጋገር አንጀቷ ድረስ ዘለቀ። ልጇ ከእነዚህ ጋር ዕድሜውን ፈጅቶ ለቀብሩ እንኳ አልመጡም?

"ታዲያ ለምን መጣችሁ?"

"ሰደርያውን ልንወስድ።"

"ሰደርያው እሱ ላይ ነው።"

"ሰምተናል። እሱ ነው ችግሩ።"

ማን እንደነገራቸው መጠየቅ አላስፈለጋትም። ማክሰኞ ለአበባ ሻጯ ነግራት ነበር፤ ለአበባ ሻጯ የተነገረ ነገር ደግሞ ከተማውን ለመዞር ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቶርበን ባለፈው ዓርብ በሚሠራበት የአሳማ ቄራ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ወድቆ አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ቪጎ ልብስ አምጪ ሲላት ቁልፉን ይዛ ወደ ቤቱ ሄደች። ቁምሳጥኑ ውስጥ አንድ ደህና ሰማያዊ ሸሚዝ አገኘች፤ ከሸሚዙ ኋላ ደግሞ ሰደርያው በንጹሕ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጫፍና ጫፉ በፕላስተር ታሽጎ ተሰቅሏል። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ብዙ አየችው። ያ ሰደርያ አንድም ቀን የቤቷን ደፍ አልረገጠም፤ ልጇ ሲመጣ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ አውልቆ ሞተሩ ላይ ትቶት ነበር የሚገባው። እንዲህ ተሸፍኖ ስታየው ከምንም በላይ ይወደው እንደነበር ገመተች። "በል እሺ፣ አሸነፍከኝ" አለች ጮክ ብላ፤ ከሸሚዙ ጋር አጥፋ ለቪጎ ሰጠችው። ያኔ ትልቅ ነገር ያደረገች መስሏት ነበር።

"ልጄ የናንተ ሰው አይደል? በናንተ ልብስ ቢቀበር ምን ይጎድልባችኋል?"

"እትዬ ቦዲል፣ ሰደርያው የሰው አይደለም፣ የክለቡ ነው። ሰው ይለብሰዋል እንጂ የራሱ አያደርገውም። ከእኛ ጋር ሆኖ የሞተ እንደለበሰው ይቀበራል፤ ሳጥኑንም እኔ ራሴ በትከሻዬ እሸከምለታለሁ። የወጣ ግን ይመልሳል።"

"ማን ነው የወጣው?"

ሮኒ ሳቀ። "አልነገራትም እኮ! አርባ ሦስት ዓመቱ፣ እናቱን ይፈራል።"

"አፍህን ዝጋ" አለው ኬንት ዞር ሳይል። ከዚያ ወደ ቦዲል፣ "ሦስት ሳምንት ሆነው። ሐሙስ ስብሰባ ላይ ተነሳና 'በቃኝ' አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። አሥራ አምስት ዓመት ወንድማችን ያልነው ሰው፣ በቃኝ! ለምን ብንለው፣ ዝም። እስከ ወሩ መጨረሻ ሰደርያህን መልስ፣ ክንድህን አጥቁር ብለነው ነበር። ሳይመልስ ሞተ።"

"ክንድ ማጥቆር ደግሞ ምንድን ነው?" አለች ሪኬ።

"ክንዱ ላይ የክለቡ ንቅሳት አለበት። የወጣ ሰው ይዞት አይዞርም። በጥቁር ቀለም ያስሸፍነዋል።"

"ካላስሸፈነ እኛ እንሸፍንለታለን" አለ ሮኒ፣ "ለዚያ ደግሞ ቀለም አያስፈልገንም።"

ቦዲል የሳጥኑን ጠርዝ ያዘች። ከዚያ ሐሙስ በኋላ የመጣው እሑድ ትዝ አላት። ቶርበን ያለ ሰደርያ ነበር የመጣው። የአሳማ ጥብሱን እየቆረጠ፣ "እማዬ፣ ሞተሩን ሳልሸጠው አልቀርም" አላት። እሷ ደግሞ፣ "ይህን ቀልድ ስንት ዓመት ልስማው? ድንችህን ብላ" አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ በላ። ሊነግራት ነበር የመጣው። አፉን ሲከፍት በድንች ዘጋችበት። ይህ ሳያንስ እሱ አውልቆ፣ ሊመልስ አሽጎ ያስቀመጠውን ነገር እሷ ፈትታ መልሳ አለበሰችው። አሥራ አምስት ዓመት አውልቀው ብላ የለመነችው፣ የተጣላችው፣ ያለቀሰችበት ሴት በገዛ እጇ አለበሰችው።

"ፖሊስ እጠራለሁ" አለች ሪኬ ስልኳን አውጥታ።

"ምን መጥራት ያስፈልግሻል፣ እነሱ እንደሆኑ ከጠዋት ጀምረው ማዶ መኪና ውስጥ ዳቦ እየበሉ ነው" አለ ኬንት። "ሰደርያው የክለቡ ነው ብሎ ቶርበን የፈረመበት ወረቀት አለን። ይመልከቱት። እነሱ እስኪያነቡ ግን እንግዶቻችሁ ይደርሳሉ። እኛም ቆመን ከሚበርደን ሞተሮቻችንን አስነስተን እንጠብቃለን። ካህኗ ትንሽ ጮክ ብላ ትስበክ።"

ይህን ሁሉ የተናገረው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ ነበር።

"ሳጥኑ ተዘግቷል" አለ ቪጎ። "ሠላሳ ዓመት ስሠራ የዘጋሁትን ከፍቼ አላውቅም። ዛሬም—"

"ክፈተው ቪጎ" አለች ቦዲል።

"እማዬ! ለእነዚህ ብለሽ?"

"ለእነዚህ ማን አለሽ? ያን ነገር ለብሶ አፈር አይገባም።"

ኬንት አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። "ክንዱንም ማየት አለብኝ።"

ቦዲል ደረቱ ሥር ሄዳ ቆመች። ቁመቷ "አለቃ" የሚለው ጽሑፍ ጋ እንኳ አይደርስም።

"ውጣ።"

"ደንብ ነው፣ እትዬ ቦዲል።"

"የሰባት ዓመት ልጅ ሆነህ እኔ ቤት እራት ስትበላ ጫማህን በር ላይ አውልቀህ ነበር የምትገባው። ደንብማ ያኔ ነበር የምታውቀው። ውጣ አልኩህ!"

ሮኒ ሊስቅ ጀምሮ የአለቃውን ፊት ሲያይ ዋጠው። ኬንት ወደ ኋላ ተመለሰ። ሪኬ በሩን በላያቸው ላይ ጠረቀመችው።

ቪጎ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ክዳኑ ሲነሳ ቦዲል የልጇን ፊት ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ለትምህርት ቤት ተነስ ስትለው ያኮርፍ እንደነበረው ነው፤ የተቆጣ ይመስላል። ሰደርያው አልወልቅ አለ። ክንዶቹ ደርቀዋል፣ የሰደርያውም ቆዳ ጠጣር ነው።

"ከኋላ በመቀስ ብንተረትረው ይሻላል" አለ ቪጎ። "ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው።"

"አይሆንም። ከተቀደደ ቁራጩ ጎደለ ብለው ይመለሳሉ። አንዲት ክር ከእሱ ጋር እንድትቀር አልፈልግም።"

ጥግ ይዛ ፊቷን ያዞረችው ሪኬ ይህን ጊዜ መጥታ የወንድሟን ትከሻ ከሥር ደግፋ አነሳች። ሦስት ሆነው እየገፉና እየሳቡ አወለቁት። ሪኬ እያለቀሰች፣ "አንተ ወፍራም፣ ትንሽ እንኳ አታግዘንም?" አለችው። ቦዲል ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች።

ቪጎ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቦዲል፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። ሳለብሰው አይቼው ነበር። ምን እንደሆነ ስላላወቅኩ ዝም አልኩ።"

የቶርበንን የቀኝ እጅ የሸሚዝ ቁልፍ ፈትቶ እጅጌውን ወደ ላይ ጠቀለለው። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ያለው ክንድ ጥቁር ነው። ባየችው ቁጥር ያቅለሸልሻት የነበረው ጥርሱን ያገጠጠ የመንጋጋ ንቅሳት የለም። ቀለሙ ዳር ዳሩ ላይ ገና ቅርፊቱን አልጣለም።

"አዲስ ነው" አለ ቪጎ። "ከመሞቱ በፊት ሳምንት ቢሆነው ነው።"

"ያማል?"

"ይህን ያህል ሰፊ ሲሆን? በደንብ ነዋ። ሰዓታት ይፈጃል።"

ቦዲል መዳፏን ጥቁሩ ላይ አሳረፈች። ደስ አላት። ልጇ ሳጥን ውስጥ ተጋድሞ እሷ ደስ አላት፤ በዚህም አፈረች፣ ግን ደስታው አልሄደላትም። መውጣቱ ድሮ ይለው እንደነበረው ለወሬ ያህል አልነበረም። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ብቻውን ጨርሶታል።

ሰደርያውን ይዛ ወጣች፤ ሪኬ ተከተለቻት። ኬንት ተቀብሎ እንደ ልብስ ሰፊ አገላበጠው፤ ጀርባው ላይ ያለውን ዓርማ፣ ቁልፎቹን፣ የውስጥ ኪሱን ሁሉ አየ። ከዚያ ለሮኒ አቀበለው።

"ክንዱስ?"

ቦዲል የክፍሉን በር ከኋላዋ ዘጋች።

"ይስሙኝ እትዬ ቦዲል፣ ለእሱ ብዬ ነው። ካጠቆረው በሰላም ወጣ ተብሎ ይጻፍለታል። ስሙ ንጹሕ ይሆናል፣ ጓደኞቹም መቃብሩ ጋ መጥተው አበባ ያስቀምጣሉ። ካላጠቆረው ግን ከሃዲ ነው። ከሃዲ ደግሞ ስሙ እንኳ አይነሳም። እኔ ላየው አልፈልግም፣ እርስዎ አንዲት ቃል ይንገሩኝና አምናለሁ።"

ሪኬ አፏን ከፈተች። ቦዲል ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። አንዲት ቃል ብትበቃም፣ ያቺን ቃል ከሰጠቻቸው ቶርበን ደህና ሰው ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን የሚፈርዱት እነሱ ይሆናሉ፤ ዛሬም፣ ከሞተ በኋላም።

"ቆዳችሁን ወስዳችኋል" አለች። "ክንዱ የኔ ነው።"

"እንግዲያው ከሃዲ ብለን ነው የምንጽፈው።"

"ጻፉ። በትልልቁ ጻፉ።"

ኬንት ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ሞተሮቹን አስነስተው ወዲያው አልሄዱም፤ ቀድመው የመጡት እንግዶች ግንቡን ተጠግተው እስኪደበቁ፣ ፖሊሶቹም ከመኪናቸው እስኪወርዱ ድረስ ቆመው ሞተሩን አስጮኹባቸው። ከዚያ ተከታትለው ወደ ዋናው መንገድ ወረዱ።

"ለምን አልነገርሻቸውም?" አለች ሪኬ። "አሁን ስሙን ሊያጠፉት ነው እኮ።"

"እነሱ ዘንድ ይጥፋ።"

ወደ ውስጥ ሲመለሱ ቪጎ እጅጌውን ወደ ታች ሊመልስ ጀምሮ ነበር።

"ተወው" አለች ቦዲል።

"እጅጌውን?"

"እንደተጠቀለለ ይሁን። ያኛውን እጁን ከሥር፣ ይሄኛውን ከላይ አድርግልኝ።"

ቪጎ ጥቁሩን ክንድ ደረቱ ላይ ከላይ አሳርፎ፣ የሰማያዊውን ሸሚዝ ኮሌታ አስተካክሎ ክዳኑን አነሳ።