ያልያዘው ፊልም

ክር ላይ ተንጠልጥሏል ፊልሙ። በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ፣ ውሃው ከጫፉ እየተንጠባጠበ፣ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። በፊልሙ አሻግሮ የክፍሉ መስኮት ይታያል፣ ከመስኮቱ ወዲያ የግቢው ጽድ ይታያል... ሰው ግን አይታይም።

ብቻዋን ነበረች ዘቢደር።

ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው። ምናልባት ብላ ገልብጣ አየችው። እናቷ መኖር ነበረባት እዚያ ውስጥ። በሩ ላይ የቆመችው እናቷ፣ ነጠላዋን የምታስተካክለው እናቷ፣ "ይበቃል በቃ፣ ሰው ይስቅብኛል" እያለች ራሷ የምትስቀው እናቷ... የለችም። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጥርት ያለ ፊልም ነው።

ምን እንዳጠፋች የገባት ቆይቶ ነው። ፊልም ካሜራ ውስጥ ሲገባ ጫፉ በወዲያኛው ዘንግ ጥርስ መያዝ አለበት። ካልያዘ ካሜራው አይናገርም። ቀጭ ይላል፣ ቁጥሩንም ይቆጥራል፣ ፊልሙ ግን ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። መምህር አርጋው ይህንን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነግረዋት ነበር። እሷም የገባው ሰው ሆና ራሷን ነቅንቃ ነበር።

አዲስ አበባ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው ነገሩ። የክፍል ጓደኞቿ ሥዕል መረጡ፣ ቅርጻ ቅርጽ መረጡ፣ የማስታወቂያ ሥራ መረጡ። ፎቶግራፍን፣ ህትመትንና የመጽሐፍ ጥራዝን አንድ ላይ ልማር ያለች እሷ ብቻ ናት። "የጠላሽው ሰውን ነው ወይስ እንጀራን?" እያሉ፣ ብቻ የሚሠራና ገንዘብ የማያመጣ ሥራ በመምረጧ ያሾፉባታል። ሰው አልጠላችም። ሰው ፊት ስትቆም ቃል ይጠፋባታል እንጂ።

በፎቶ ማጠቢያው ቀይ መብራት ሥር ብቻዋን፣ ማተሚያው አጠገብ ብቻዋን፣ ወስፌና ክር ይዛ ብቻዋን...

እናቷ ጥሩወርቅ ደጀን ከተማ ናት ያለችው፣ የጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ። ባል የላትም፣ ሌላ ልጅ የላትም፣ ፎቶም የላትም። መታወቂያዋ ላይ አንድ ጉርድ ፎቶ አለ፤ እሱም ላይ ዓይኗን ጨፍናለች። "ፎቶ ላይ የምትወጣዋን ሴትዮ አላውቃትም" ትላለች። ዘቢደር ግን ለመነቻት። የመመረቂያ ሥራዬ መጽሐፍ ነው፣ መጽሐፉ ስለ አንቺ ነው፣ በእጄ አትሜ በእጄ ነው የምጠርዘው ብላ ለመነቻት። በገና እረፍት እሺ አለች። ጸጉሯን ተሠራች፣ ነጠላ ከጎረቤት ተዋሰች፣ በሩ ላይ ቆማ ተነሣች፣ ለሰፈሩም ሁሉ አወራች።

እሑድ እናቷ ከጎረቤት ቤት ደወለች።

"ዘቢዬ፣ ፎቶው ደረሰ?"

ፊልሙ አልያዘም እማዬ... አፏ ላይ ነበር።

"ደርሷል" አለች።

"ዓይኔን ጨፍኛለሁ?"

"አልጨፈንሽም።"

"እንዴት ሆንኩልሽ?"

"ቆንጆ ሆነሻል።"

ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች።

በሚቀጥለው እሑድ ስልኩ ተደወለ፣ በሚቀጥለው እሑድ ዋሸች። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ መጣ። የቱ ላይ ነው የሳቅሁት? በሩ ላይ የቆምሽበት ላይ። ነጠላዬስ? አምሮብሻል። እንደገና ላንሣሽ እንዳትል በገዛ አፏ መንገዱን ዘግታዋለች። እናቷም አንድ እሑድ፣ ድምጿ ውስጥ ሳቅ እየተሰማ፣ "ለምርቃትሽ መጥቼ በዓይኔ አየዋለሁ፤ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ" አለች።

በሰኔ ልትመጣ ነው። ፎቶዋን ልታይ ነው። ፎቶ ደግሞ የለም።

ዘቢደር ቀርጻ ልታትምበት ጠፍጣፋ እንጨት አነሣች።

መጀመሪያ የእናቷን እጅ ቀረጸች። ባልዲ የያዘውን፣ በረኪና ያቆረፈደውን እጅ። ቀለም ቀባችው፣ እርጥብ ወረቀት አለበሰችው፣ የማተሚያውን እጀታ አዞረች። ወረቀቱን በጫፉ ይዛ ቀስ አድርጋ ገለጠችው... እጁ መጣ። ከዚያ ጎንበስ ያለ ጀርባዋን ቀረጸች። ከዚያ ጫማ ስታወልቅ ግድግዳ የምትደገፍበትን አኳኋን። ፊቷን ግን ፈራችው። እየዞረች ትመጣና መቅረጫውን ታስቀምጠዋለች።

አብራት በልታ አብራት ተኝታ ያደገች ልጅ፣ የእናቷ ቅንድብ የት ላይ እንደሚያልቅ አታውቅም። አፈረች። ዓይኗን ጨፍና ፈለገቻት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ፈለገቻት፣ ዝናብ ባስጠለላቸው የሱቅ በረንዳ ላይ ፈለገቻት። ማርያም የሳመቻት ያ ጥቁር ምልክት በየትኛው ጉንጯ ላይ እንደሆነ ለማስታወስ፣ በልጅነቷ ታቅፋት ስትተኛ ከአፍንጫዋ ፊት የሚሆነው ጉንጭ የቱ እንደነበር አሰበች። ግራው ነው። ትራሷን አቅፋ አለቀሰች፣ ናፈቀቻት። በማግስቱ ተነሥታ ቀረጸችው።

ብቻዋን ነበረች። መቅረጫው ሲንቀጫቀጭ ብቻዋን፣ የእንጨቱን ብናኝ ከቀሚሷ ስታራግፍ ብቻዋን...

ፊቷ ወረቀቱ ላይ ሲወጣ መምህር አርጋው ከኋላዋ ቆመው ነበር። ብዙ አይናገሩም እሳቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወረቀቱን መረመሩና፣ "እናትሽ ምልክታቸው በየትኛው ጉንጫቸው ነው?" አሉ።

"በግራ..." ብላ ምላሷን ነከሰች። እንጨት ሲታተም ግራና ቀኙን ይገለብጣል። ገልብጣ መሳል ነበረባት፣ እሷ ግን እንደምታስታውሳት አድርጋ ነው የሳለቻት። ምልክቱ በቀኝ ጉንጯ ላይ ወጥቷል። ያጋደለ ፈገግታዋም ወደ ሌላው ጎን ዞሯል።

"ይሄንን የሚሳሳተው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው" አሉ። ከዚያ ግን ወረቀቱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። "ለአዲስ እንጨት ጊዜ የለሽም። ጠርዢው" አሉ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው።

ጠረዘችው። ክሩን በሰም አሽታ፣ እያንዳንዱን እጥፍ ከባልንጀራው ጋር እየሰፋች። በዓለም ላይ ያላት አንድ ሰው ልትመጣ ነው፤ እሷን ግን ዋሽታታለች፣ በዚያ ላይ መልኳን ገልብጣዋለች። ምን ይዋጣት?

በምርቃቱ ኤግዚቢሽን ቀን አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ቤተሰብ ሁሉ ትልልቅ ሥዕሎች ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሣል። የዘቢደር ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው፣ አንድ መጽሐፍና አንድ ወንበር ብቻ ያለበት። እናቷ የራሷን ነጠላ ለብሳ መጣች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገለጠችው።

እጇን አየች። ጀርባዋን አየች። ግድግዳ ተደግፋ ጫማ የምታወልቀዋን ሴት አየች... ፊቷ ጋ ስትደርስ ማገላበጡን ተወችው።

"ይቺን እንኳ አውቃታለሁ" አለች እናቷ። "መስታወት ውስጥ የማገኛት ናት።"

መዳን ትችል ነበር ዘቢደር። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። አላስቻላትም።

"እማዬ፣ ፎቶው የለም። ፊልሙን በትክክል አላስገባሁትም፣ አንድም አልወጣም። በየእሑዱ ስዋሽሽ ነው የከረምኩት።"

እናቷ ቀና አለች። አልተቆጣችም። ግራ ገብቷት ነበር።

"ታዲያ ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ከጭንቅላቴ። እያስታወስኩሽ።"

"እጄንም?"

"እጅሽንም።"

"ከገና ጀምሮ?"

"ከገና ጀምሮ... በየቀኑ።"

አዳራሹ ይንጫጫል። የሆነ ሰው ልጁን በስም ይጠራል። ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ ከወረቀቱ ላይ ሆና የምታያትን ሴት አየች፣ በአውራ ጣቷ የጉንጯን ምልክት ነካ አደረገችው። ስትናገር ድምጿ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ይመስል ነበር።

"እኔ እኮ ልጄ፣ ከሥራ ገብቼ በሩን ስዘጋ፣ ከእንግዲህ እስኪነጋ የሚያየኝ ሰው የለም እያልኩ ነበር የምቀመጠው" አለች።