ከበሩ ወዲያ የቀረ ድምፅ

ቴሌቪዥኑ እምቢ ያለው፣ ስልኩ ውሃ የገባበት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ከኋላዬ «አያ አዋቂ» እንደሚሉኝ የሰማሁት በቅርቡ ነው፤ መቼስ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ያኔ ስቄ አልፌው ነበር።

ታላቅ እህቴ ጉሮሮዋ ላይ እጢ ወጣባት። ሐኪሙ አልሸፋፈነላትም፤ «ሕይወትሽን እናተርፋለን፣ ድምፅሽን ግን አናተርፈውም» አላት። ቀዶ ጥገናው ለሐሙስ ተቀጠረ። ሰኞ ጠዋት ክፍሌ ድረስ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሚጡ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ድምፄን ትረሳዋለች። ተረቶቿን ልቅዳላት። አንተ ታውቅበት የለ?»

«ምን ችግር አለው፣ እትዬ!» አልኳት።

ከጓደኛዬ ኢንተርፌስ ተዋስኩ፤ ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የምታገናኝ፣ ሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ሳጥን ናት። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፈንኩ። ላፕቶፑ ማራገቢያው ስለሚጮህ እሱንና ሳጥኗን ይዤ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሽቦዎቹን በበሩ ሥር አሳለፍኩ። እህቴ ማዳመጫውን አድርጋ ጀመረች። ብዙም ሳትቆይ ተንተባተበች።

«አንተ፣ ይሄ ነገር ይከተለኛል! ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ራሴን የምሰማው።»

ድምፅዋ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ እስኪመለስላት ይዘገያል። መዘግየቱን ከፕሮግራሙ ላይ ስቀንሰው ደግሞ እንደጋለ ዘይት መንጣጣት ጀመረ።

«በቃ ማዳመጫውን ላውልቀውና ዝም ብለህ ቅዳኝ» አለች።

እሺ ብያት ቢሆን ኖሮ! እኔ ግን አያ አዋቂ ነኛ። «ከማይኩ ስትርቂና ስትቀርቢ በምን ታውቂዋለሽ? በሥርዓቱ ነው የምንሠራው» አልኳት። ማክሰኞን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ዋልኩ። ከድምፅዋ ሁለት ቀን ቀርቶ አንዱን እኔ በላሁት።

አንድ ሻጭ ፊቷ ላይ ማዞሪያ ያላት ሳጥን አወጣልኝ። «ይቺን ወደ ግራ አዙራት፤ ድምፁ ኮምፒውተር ጋ ሳይደርስ ከሳጥኗ በቀጥታ ጆሮህ ይገባል። መዘግየት የሚባል ነገር የለም» አለኝ። የጓደኛዬን ሳጥን ነቅዬ አዲሷን ሰካሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር። ማዞሪያውን ወደ ግራ አዞርኩት።

«አሁን ገና ራሴን ሰማሁ!» አለች ከበሩ ወዲያ።

በእኔም ማዳመጫ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። የሳጥኗ አረንጓዴ መብራት ይርገበገባል፣ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ይወዛወዛል፤ ምን ቀረኝ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ተረቶቹን አንድ በአንድ ተረከች። የእንቅልፍ ዘፈኗን ዘፈነች፤ ሚጡን በቁልምጫ ስሞቿ ሁሉ ጠራቻት። መጨረሻ ላይ «ደህና እደሪ፣ የኔ ማር» አለች። እናታችን አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ «እማ፣ ዝም በይ እንጂ» እላለሁ በሹክሹክታ፣ እኔው ራሴ አፍንጫዬን እየሳብኩ።

«ትንሽ እንስማው?» ብዬ እህቴን ጠየቅኳት ከመኝታ ቤቱ ስትወጣ።

«ደከመኝ። ነገ ስትሰማው ትውላለህ» አለች።

ሐሙስ የሆስፒታሉ መጠበቂያ ወንበር ላይ ከፈትኩት። መጀመሪያ ማራገቢያው ተሰማኝ። ከዚያ የእናቴ ለቅሶ፣ የእኔ «ዝም በይ»፣ የእኔ አፍንጫ። እህቴ ሩቅ ናት፣ ከበር ወዲያ፤ ቃሏ አይለይም። ወደ ኋላ መልሼ እንደገና ከፈትኩት፤ ያው ነው።

አሮጌዋን ሳጥን ስነቅላት ፕሮግራሙ በራሱ ወደ ላፕቶፑ ማይክ ተመልሶ ኖሯል። አዲሷን ምረጥ አላልኩትም። ሳጥኗ ድምፅዋን በቀጥታ ለጆሯችን ስትሰጠን፣ ኮምፒውተሩ የሚቀዳው የኮሪደሩን ነበር። አንዲት ጠቅታ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ከተዘጋ አርባ ደቂቃ ሆኖታል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማጥራት ያልሞከርኩት የለም። ማራገቢያውን ሳጠፋው እሷም አብራው ትጠፋለች። ለማንም አልተነፈስኩም፤ ፈሪ ነኝ።

እህቴ አንገቷ ተጠቅልሎ ቤት ገባች። ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ደብተሯ ላይ «አሰማት» ብላ ጻፈችልኝ። ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ሚጡ ግን ቀድማኝ ስፒከሩ ሥር ተቀምጣለች። ከፈትኩት።

ማራገቢያው ጮኸ፣ እናቴ አለቀሰች። እህቴ ስፒከሩን አየች፣ ከዚያ እኔን። ገባት። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ሚጡ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ ቆየችና ፊቷ በራ።

«እማዬ ናት!»

ተነስታ ወደ መኝታ ቤቱ ሮጠች፤ በሩን በሁለት እጇ ትደበድበው ጀመር። «እማዬ እዚህ ውስጥ ናት! አጎቴ፣ ና ክፈትላት!»

እህቴ ከሶፋው ብድግ አለች። ልትጠራት አፏን ከፈተች።